የእትዬ ራንቫ ካልሲ

ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር ሁሉ፣ በሽተኛ ሳትጠይቅ ከዋለች እንቅልፍ የማይወስዳት አንዲት ሴት አትጠፋም። እግዜር ይጠብቃችሁና ከታመማችሁ፣ ከሐኪሙ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

የኛዋ፣ የፋሮ ደሴቶቿ፣ ክብርት እትዬ ራንቫ ናቸው። ቄሱ ለዚህ ሥራ ከመረጧቸው ወዲህ ሆስፒታሉ ውስጥ ያልተቀመጡበት ወንበር የለም። በር ላይ ቆመው "ብዙ አልቀመጥም" ይላሉ። ከዚያ ካፖርታቸውን ያወልቃሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ የበሽተኛውን ብስኩት ይጨርሳሉ። ምሳ መጥቶ ይመለሳል፣ እሳቸው እዚያው ናቸው። አንድ ዓሣ አጥማጅ የተኛ መስሎ ሊያመልጣቸው ቢሞክር እስኪነቃ ጠበቁት።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሹራብ ሥራቸው ነው። እኛ ጋ ሴት ልጅ ከመራመዷ በፊት የሹራብ መርፌ ትይዛለች ቢባል ብዙም ውሸት አይደለም። እትዬ ራንቫ ግን ይዘውት የሚዞሩት ግራጫ ካልሲ ተረከዙ የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

አምና ክረምት እናቴ ማርዩን ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አልነሳም አለች። ሐኪሙ "አሁን ካልተነሱ ከእንግዲህ አይራመዱም፣ ቤታቸውም አይመለሱም" አለኝ። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፣ የምትወደውን የበግ ቋንጣ አመጣሁላት። ወይ ፍንክች።

ይኼኔ እትዬ ራንቫ ከች አሉ። "ብዙ አልቀመጥም።" የቀረኝ እሳቸው ነበሩ ብዬ ተበሳጨሁ። አጭር ጸሎት አደረሱና ወንበራቸውን እናቴ ባፈጠጠችበት በኩል አስጠግተው ካልሲውን አወጡ።

"ተረከዙን ዘለልሽው" አለች እናቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምጿን ሰማሁ።

"እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ማርዩኔ።"

"ማነው ያለሽ? ፍቺው።"

"ምን ሆነና? ያምራል እኮ።"

"አንቺ ሴት፣ እናትሽ ምን አስተማረችሽ? በይ ወዲህ አምጪው።"

"ጉልበቴን ያመኛል። ተነሽና ውሰጂው።"

እናቴ እየተራገመች ተነስታ ተቀመጠች። በማግስቱ የእትዬ ራንቫ ወንበር ከአልጋው ራቅ አለ፤ በሳምንቱ መስኮቱ ጋ ደረሰ፤ ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። ካልሲውም ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። እናቴ ልታርመው መጀመሪያ እኔን ተደግፋ፣ ኋላ በምርኩዝ ተከተለችው።

ለፋሲካ በገዛ እግሯ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ላገኘችው ሁሉ "ራንቫን ሹራብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ" ትላለች፤ እትዬ ራንቫም አንገታቸውን ደፍተው "እሷ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" ይላሉ።

ካፖርታቸው ገለጥ ሲል ግን ከሥር የለበሱትን ሹራብ አየሁ። አበባው በአበባ ላይ፣ አንዲት መስመር ያልተዛነፈች።

"ይኼን ማን ሠራልዎት?" አልኳቸው።

"ማን ይሠራልኛል? ራሴ ነኝ።"

"ካልሲውስ?"

"ትናንት ፈታሁት። ማክሰኞ ሌላ በሽተኛ አለብኝ" አሉና እናቴን በዓይናቸው አሳዩኝ። "አንቺም አፍሽን ያዢ።"

ያዝኩ፤ ይኼን የምጽፍበትን ጋዜጣ ደግነቱ እናቴ አታነብም። እኔም የታመምኩ ቀን እሳቸውን ጥሩልኝ። ካልሲያቸውን ይዘው ይምጡ፣ ብስኩቴንም ይብሉ፣ ብዙ ይቀመጡ።