ባለቀይ አንገቷ ቆቅ

«አላውቅም» የሚለው ቃል ከሰው አፍ አልወጣ የሚለው የት ነው ብትሉኝ፣ እናንተ የምታስቡትን ቦታ ሁሉ ሳልነካ የወፍ ተመልካቾችን የቴሌግራም ግሩፕ እጨምርላችኋለሁ። አትሳቁ፤ እንዲህ ያለ ግሩፕ አለ፣ እኔም ከአባላቱ አንዱ ነኝ። ዛፍ ላይ የተቀመጠች የቡና ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ፎቶ አንስታችሁ «ይህቺ ምንድን ናት?» ብላችሁ ብትለጥፉ፣ የቀዳችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሦስት የተለያየ ስም ይሰጣችኋል። አራተኛው ሰው «ቅርንጫፍ ነው» ይላል። እሱን ማንም አይወደውም።

እኔ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ጭሮ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ሰው ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ እኔ ጫት ስለማይስማማኝ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ወደ ኮረብታው እወጣለሁ። መጀመሪያ ሰላይ መስያቸው ነበር። ወፍ እንደማነሳ ሲያውቁ ደግሞ አዘኑልኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ ሂርና ከሚወስደው መንገድ በላይ በኩል፣ አንድ የጫት ማሳ ዳር ቆቅ አየሁ። ቆቅ ብርቅ አይደለችም። ይህቺ ግን ከጉሮሮዋ እስከ ደረቷ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀልታለች። ካነሳኋቸው ፎቶዎች ደህና የወጣው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ለጠፍኩት። ግሩፑ ተተራመሰ። የግሩፑ ዋና ዳኛ ጋሽ መኮንን የሚባሉ የአዲስ አበባ ጡረተኛ ናቸው፤ እሳቸው ካላሉ ወፍም ወፍ አይሆንም። በማግስቱ እስካሁን ያልተመዘገበ ዝርያ ሊሆን እንደሚችልና ሰው እየጎረፈ እንዳያስበረግጋት ቦታውን ለማንም እንዳልናገር ጻፉልኝ። በዚያን ቀን ለአንድ ሳል ለያዘው ሰው ሽሮፕ ስሰጠው «እንኳን ደስ ያለዎት» ልለው ምንም አልቀረኝም።

በሳምንቱ አደ ፋጡማ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጡ። «አደ» እዚህ «ወይዘሮ» ማለት ነው፤ በጫት ተራ የማያውቃቸው የሌለ ነጋዴ ናቸው። እኔ ስልኬን ባንኮኒው ላይ ከፍቼ የራሴን ፎቶ ሳደንቅ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺ በሕይወት አለች? የት አየሃት?»

እኔም ደረቴን ነፍቼ ቦታው ምስጢር እንደሆነ፣ ብርቅ ወፍ ያየ ሰው የትነቱን እንደማይናገር፣ ሳይንስም ሕግ እንዳለው አስረዳኋቸው። አፍ አፌን እያዩ አስጨረሱኝና መዳፋቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት። ከፎቶው ጋር አንድ ቀለም ነው።

«ዶክተር፣ ሂና ነው» አሉኝ። «እኔ ነኝ የቀባኋት። እንቁላሏን ጫት ስንኮተኩት አገኘነው፣ ዶሮዬ ታቅፋ ፈለፈለችልኝ። ሰዎች የዱር መስላቸው አርደው እንዳይበሏት ብዬ አንገቷን ቀባሁ። ከጠፋች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ልጆቼ ድሬዳዋ ገብተዋል፤ እቤት ውስጥ ድምፅ የምታሰማኝ እሷ ብቻ ናት።»

አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁና መጀመሪያ ያዘንኩት ለዝርያዬ ነው፤ ለሳቸው ማዘን የጀመርኩት ትንሽ ዘግይቼ ነው። ከሥራ እንደወጣሁ በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ማሳው ዳር ቆመው ከሻሻቸው ጫፍ ማሽላ ፈትተው በተኑና በኦሮምኛ ይጠሯት ጀመር። ደጋግመው ጠሯት፤ ምንም የለም። ቀበሮ ቀድሞን ይሆናል ብዬ ማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ ያቺ ያልተመዘገበች ዝርያ ከጫቱ ሥር ወጥታ እየሮጠች መጥታ እግራቸው ላይ ቆመች። አደ ፋጡማ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋት ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፤ ማንሳቱ ግን ደስ አላለኝም።

ቤቴ ስገባ ከኩራቴ ጋር ጥቂት ታገልኩና ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ያቺ ባለቀይ አንገት የፋጡማ ቆቅ ናት። ይቅርታ።» ውርደቴን በዚህችው ጨርሼ ስልኬን ዘጋሁና እራቴን በላሁ።

የዘነጋሁት ነገር ቢኖር ብዙ የወፍ ዝርያዎች በሰው ስም የሚጠሩ መሆናቸውን ነው። ስልኬን ስከፍት የምስጋና መዓት ይጠብቀኛል። ጋሽ መኮንን ከመጀመሪያው የፋጡማ ቆቅ ትሆናለች ብለው ጠርጥረው እንደነበር ጽፈዋል። አንዱ ሳይንሳዊ ስሟን ጠይቋል፤ ሌላው ደግሞ ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ፣ መልሶለታል። ነገሩን ላስተካክል መጻፍ ስጀምር ከአሰቦት በኩል ያለ አንድ አባል ቀደመኝ።

«የፋጡማ ቆቅን እኔ አምና እዚህ አይቻታለሁ» ይላል። «የኔዋ እንኳ አንገቷ ብዙም አይቀላም።»