የጋሼ ይመር አውራ ጣት

የሕፃን አፍ ባዩ ቁጥር ጣታቸውን የሚበላቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የመካነ ሰላሙ ጎረቤቴ ጋሼ ይመር እንዲያ ናቸው። የጤና ባለሙያዋ «ድዷን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት» ብላን የሕፃኗን ልጄን ድድ ስንጠርግ እንውላለን። ጋሼ ግን ዕድሜ ለማወቅ የበግ አፍ ሲከፍቱ ከዋሉበት ገበያ መጥተው፣ በዚያው አውራ ጣት የልጄን ከንፈር ሊገልጡ!

ሽማግሌ እንዴት «እጅዎ ቆሽሿል» ይባላል? ግራ ቢገባኝ ውሃና ማስታጠቢያ አቀረብኩ።

«አላህ ይስጥህ! ርቦኝ ነበር» አሉና ታጥበው ማዕድ ይጠብቁ ጀመር።

ምን ይደረጋል? ለራታችን ያሰብነውን ሽሮ አቀረብን። አጣጥመው በሉ። ከዚያ ወጥ የነካውን አውራ ጣታቸውን ጥርት አድርገው ላሱና፣

«ይኸው ንጹሕ ነው፤ በል ልጅቷን አምጣት!»