በሩ ላይ የተሰቀለው ፎቶዬ

ትምህርት ቤትን በባነር የሚመርጥ ወላጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንደ እሱ የሚያስፈራኝ የለም። በቀደም ደብረ ታቦር፣ አንድ የግል መሰናዶ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ በአቅራቢያው ካለችው ጋሳይ ከተማ የመጡ እናት ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ሦስት ትምህርት ቤት ዞረው ባነር ላይ ያለ ፎቶ ሲቆጥሩ ውለው፣ ይኼኛው በልጦባቸዋል። «ዩኒቨርሲቲ ያስገባናቸው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር አንዷን እየነኩ፣ «እንደዚች ያርግሽ!» ይላሉ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። እዚሁ ስማር ለተማሪ መታወቂያ ብለው ያነሱኝ የእኔ ፎቶ ነው፤ እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ወድቄያለሁ! ዝም ብዬ የሰው ልጅ ላስበላ?

«እናቴ፣ እሷ እኔ ነኝ። ወድቄያለሁ፤ እዚህ አያስገቧት» አልኩ።

ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወድቀሽማ ማን ይሰቅልሻል? ለልጄ ተመቅኝተሽ ነው!» ብለው እጇን እየጎተቱ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ሳልፍ ቀና አልልም። የልጅቷ ፎቶ ከእኔ ጎን ተሰቅሎ እንዳላይ እፈራለሁ።