ቆሞ የሚበላው ዕብራዊ

«ዝናቡ ሲበረታ መጠለያዬ ነህ... እምምም... ምን ልክፈልህ... እምምም... የሹዋ!»

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲያስር የሚያንጎራጉራት መዝሙር ይህች ናት። ግማሿን ያውቃታል፤ ሌላውን ግማሽ በ«እምምም» ይሸፍነዋል። የጌታ ስም ጋ ሲደርስ ግን ድምፁ ይነቃል፣ ደረቱ ይነፋል፣ በእጁ ያለው ፒንሳ ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናቱ ይህችኑ መዝሙር እሱን አዝላ ስታዜም መድረሻዋ «ኢየሱስ» ነበር። ልጅየው አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ የመዝሙሯን መጨረሻ እንደ ተቃጠለ አምፖል ነቅሎ በዕብራይስጡ ስም ተካው።

በየቤተሰቡ አንድ አራሚ አይጠፋም። ዕድለኛ ቤተሰብ የመንገድ አቅጣጫ የሚያርም ይደርሰዋል፤ ዕድል ትንሽ የጎደለው ደግሞ የመድኃኒት አወሳሰድ የሚያርም። ጸሎት የሚያርም የደረሰው ግን ትዕግሥት አብሮ ካልተሰጠው አለቀለት። ልብስ ሰፊዋ እህቱ የተሰጣት ታናሽ ወንድም ከዚህ ከመጨረሻው ዓይነት ነው። ትዕግሥቱን እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው።

ሰፈሩ «ዕብራዊው» ይለዋል። እኚህ ክቡር «መምህራችን» ከዕብራይስጥ የሚያውቁት ቃል በአንድ እጅ ጣቶች ይቆጠራል፤ አውራ ጣትም ይተርፋል። ስልክ ሲያነሱ «ሻሎም» ነው፣ ሲዘጉም «ሻሎም» ነው። ደንበኛ ሲጨቀጭቃቸው ረዘም ያለ «ሻ...ሎም» አለ፤ ያኛው ሰላም የለበትም።

አንድ ጠዋት የዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃ አልሞቅ ብሏት አስጠራችው። እሱ ከምድጃው ጀርባ ተጣጥፎ ገብቶ፣ ሽቦውን ፈታትቶ፣ ገና ሲፈትሽ ሴትዮዋ ሳታስበው ብረቱን ነካችና ነዘራት።

«ኢየሱስ!» ብላ ጮኸች።

«የሹዋ» አለ ከምድጃው ጀርባ አንድ የተረጋጋ ድምፅ። «የመጀመሪያ ስሙ እሱ ነው፣ እመቤት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቅድሚያ ማጥፊያውን አጥፋልኝ! ስሙን በሕይወት ከተረፍኩ እማረዋለሁ!»

ማታ ለእህቱ ሲያወራላት መንዘሩን ዘለለው። «ልቧ ክፍት ነው» ብቻ አላት።

የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከልማ ተዉት። የእሱን ያህል ወፍራም፣ የእሱን ያህል ብርድ የሚያስረሳ ድምፅ ስለሌለ ሊያሰናብቱት አይችሉም፤ እሱን ይዞ መዘመርም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሌላው ሁሉ «...ሱስ» ብሎ ከንፈሩን ሲገጥም የእሱ «ዋ» ብቻዋን ትቀራለች። እንደ ተረሳ በር ክፍት ሆና ጣሪያ ጣሪያውን ስትዞር ትቆያለች።

«ወንድሜ» ይለዋል መሪው፣ እንባው እየቀረበ፣ «ቢያንስ ከእኛ ጋር ጨርስ።»

«እኔማ ጨርሻለሁ። የሚያስተጋባው አዳራሹ ነው።»

እህቱ ኋላ ወንበር ላይ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትስቃለች። እየሳቀች ሳለ ያቺ ብቸኛ «ዋ» ወርዳ ወርዳ ደረቷ ላይ ታርፍባታለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ለእሱ ከነገረችውማ የሚዘጋው የለም።

ከልቧ እንዳትጠላው ያደረጋት ነገሩ የጀመረበት ቀን ነው። የአንድ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር የበር ደወል ሊጠግን ሄዶ፣ ደወሉን ጠግኖ ሲጨርስ ወሬ ይዟቸው ቆየ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እሷ ስፌት ቤት መጣ። የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳን ከትከሻው ሳያወርድ በተቆራረጠው ጨርቅ መካከል ቆመ። ፊቱ ደብዳቤ እንደ ደረሰው ሰው ነበር።

«እትዬ» አላት፣ «ጌታን እናቱ እንዴት ብላ ትጠራው እንደነበር ታውቂያለሽ? ውሃ ቅዳ ስትለው፣ ግባ ብርድ ነው ስትለው፣ የት ነበርክ ስትለው?»

የስፌት መኪናውን አቆመች። «እንዴት ብላ?»

ነገራት። ቃሉን እንደ ሞቀ ዳቦ በሁለት እጁ ይዞ የሰጣት መሰላት። «እኔም እንደ ቤተሰብ ልጠራው ፈለግኩ» አለ ቀስ ብሎ፤ ጆሮውም ቀላ። እሷ በዚያች ሰዓት እውነትም ቆንጆ ነገር ነው ብላ አመነች። ብዙም ሳይቆይ ግን ወንድሟ ቆንጆውን ነገር መዶሻ አድርጎት አገር ምድሩን ሲቀጠቅጥበት አየች።

መዶሻው ቤት የገባው ባለፈው ዓመት ነው። ማዕድ ላይ የምትጸልየው እናትየው ናት፤ ባልዋ ከሞተ ወዲህ ይህን ሥልጣን ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። ጸሎቷ ረጅም ነው። የታመመውን፣ መንገደኛውን፣ የጎረቤቱን ድመት ሳይቀር ታነሳለች። «በልጅህ በኢየሱስ ስም» ብላ ስትጨርስ እህትየው «አሜን» አለች። ወንድምየው ዝም አለ። ዝም ብሎ ቢቀር ደግ ነበር።

«እማዬ፣ ‹የሹዋ› ብትይ እኮ...»

እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ ይህን ጸሎት የጀመርኩት አንተ ሳትወለድ ነው። ለጸሎቴ አሜን የማይል ልጅ ከእኔ ጋር አይቀመጥም።»

«እሺ፣ አልቀመጥም።»

ሁለቱም እልኸኞች ናቸው፤ እልሁን ከማን እንደወረሰ መጠየቅ አያስፈልግም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕብራዊው ወጥ ቤት ቆሞ ይበላል። ሰሃኑን ማቀዝቀዣው አናት ላይ ያስቀምጣል፣ የራሱን ጸሎት በ«የሹዋ» ስም ይጸልያል፣ ግድግዳ እያየ ያላምጣል። እህትየው በሁለቱ መንግሥታት መካከል አምባሳደር ሆነች።

«እትዬ፣ ጨው ካለ ጠይቂልኝ።»

«ለወንድምሽ ጨው ስጪው። ከጨውማ አልተጣላንም በይው።»

እንዲህ ሆነው ቆዩ። ሳቅም ነበረው። ከዚያ እናትየውን የሐሞት ጠጠር ጣላትና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ፤ በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል እንድትገባ፣ ከመሸ በኋላም ምንም እንዳትቀምስ ተነገራት። ስለዚህ ራታቸውን ገና ፀሐይ ሳለች አቀረቡ። ሾርባ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች። ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ተኝቷል። ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር ብቻ ትመኛለች፤ ነገ ከመምጣቱ በፊት ሁለቱን በአንድ ማዕድ ማየት። ወንድሟን ጠዋት ለምናው ነበር። «እሷ ትጥራኝ» ብሏል። ለእናቷም ነግራት ነበር። «እሱ ይምጣ» ብላለች።

እናትየው ዓይኗን ጨፍና ጸሎቷን ጀመረች። የታመመውን አነሳች። መንገደኛውን አነሳች። ድመቷ ጋ ሳትደርስ ጸሎቷን አቋረጠች።

«አንተ ልጅ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አቤት፣ እማዬ» አለ ከወጥ ቤት። ሰሃኑ ማቀዝቀዣው ላይ ቃ ብሎ አረፈ።

«ነገ ማደንዘዣውን ሲሰጡኝ...» አለችና እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ ደበቀችው። «አንተ የምትለውን ስም ልለማመደው ብዬ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሞክር ሰነበትኩ። አልሆነልኝም። ስፈራ አፌ የሚሄደው ወደዚያው ወደማውቀው ነው። እና ነገ እሱን ስጠራው... አይሰማኝም ማለት ነው? እስከ ዛሬስ ያን ሁሉ ዘመን የምጮኸው ለማን ነበር?»

እህትየው ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ዓመት ሙሉ እልህ የመሰላት ነገር ፍርሃት ነበር። አሮጊቷ በራሷ ጸሎት መጠራጠር ጀምራ ለማንም ሳትናገር ኖራለች። ወጥ ቤት ገብታ ወንድሟን በዚያ በሚወደው ፒንሳ አንገቱን ልታንቀው አማራት።

እሱ ግን በሩ ላይ ቆሟል። ለዳቦ ጋጋሪዋና ለመዘምራን መሪው መልስ የማያጣው ሰው ዛሬ ማንንም አላረመም። ቀስ ብሎ መጥቶ ከእናቱ ወንበር አጠገብ ቆመ።

«እማዬ፣ ሕፃን ሆኜ ሳንባዬን ሲያመኝ፣ ሐኪሙ ተስፋ የለውም ሲልሽ፣ ማንን ጠራሽ?»

«ማንን እጠራለሁ? ኢየሱስን ነዋ።»

«ሰማሽ?»

«ሰምቶኝማ ይኸው አድገህ ታደርቀኛለህ።»

እህትየው ሳቋ አመለጣት። እሱ አልሳቀም። ተንበርክኮ፣ ጭኗ ላይ የደበቀችውን እጅ አወጣና ያዘው።

«ሰምቶሻል፣ እማዬ። ነገም ይሰማሻል። እኔ ይህን ስም የያዝኩት ልቀርበው ብዬ ነበር። አንቺን ከእሱ ላርቅበት አልነበረም። በፈጠረሽ፣ ነገ አፍሽ እንደለመደው ጥሪው።»

«አሁን እንዲህ ትላለህ» አለች፤ ግን እጇን አልነጠቀችውም። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ሳበችና ወደ ሥልጣኗ ተመለሰች። «በል ቆመህ ስማ። እኔ ጀምሬያለሁ፣ ልጨርስ። ከዚያ አንተ በምታውቀው ትጸልያለህ። እኔም አሜን እልልሃለሁ። ግን አታርዝመው፣ ሾርባው በረዶ እየሆነ ነው።»

ጨረሰች፤ ድመቷም አልተረሳችም። «በልጅህ በኢየሱስ ስም» ስትል ከላይዋ እንደ ነጎድጓድ ያለ «አሜን!» ወረደ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ። ቀጥሎ እሱ ዓይኑን ጨፈነ። የሚጸልየው ብዙ ነገር የነበረው ይመስላል፤ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወጣችው። «የሹዋ፣ እናቴን ነገ ጠብቅልኝ።»

እህትየው ወደ እናቷ ዞረች።

«አሜን» አለች እናትየው። «ተቀመጥ እንግዲህ።»

ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ፣ ዓመት ሙሉ የታጠበ ልብስ መቆለያ ከሆነው ወንበር ላይ ልብሱን በሁለት እጇ አቅፋ አነሳችው። ፊቷን እዚያው ልብስ ውስጥ ቀብራ ትንሽ ቆየች። ስትዞር ወንድሟ ወንበሩን ስቦ እየተቀመጠ ነበር። እግሩ ረጅም፣ ጠረጴዛዋ ጠባብ ሆነውበት ጉልበቱ ከእናቱ ጉልበት ጋር ተጋጨ። ማናቸውም ጉልበታቸውን አልሰበሰቡም። እናትየው ሾርባውን ጨልፋ አቀረበችለት፤ እሱም አቀርቅሮ፣ ቁጭ ብሎ በላ።