ንፋስ የነጠቃት «ታ»

በየሰፈሩ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም። ፈጣሪ ዓለምን ሠርቶ ሲጨርስ «ቆይ፣ ትንሽ ልጨምርበት» ብላ ከኋላ የደረሰች የምትመስል። የእኛ ሕንፃዋ «እትዬ ምን ይጎዳል» ትባል ነበር። ሻይ ላይ ስኳር፣ በሽተኛ ላይ ብርድ ልብስ ስትደርብ መፈክሯ አንድ ነው፦ «ትንሽ ቢጨመር ምን ይጎዳል?»

እኔ ከበላይዋ ባለው ፎቅ ብቻዬን እኖር ነበር። ካስነጠስኩ ሾርባ ይዛ ትወጣለች። ካላስነጠስኩም «ምነው ድምፅህ ጠፋ?» ብላ ሾርባ ይዛ ትወጣለች። የሕንፃው ጥበቃ ጥርሱን ታሞ ጉንጩ ቢያብጥ፣ «ተመስገን፣ ወፈርክልኝ!» ብላ ሳህኑን ሞላችለት።

እንግዲህ ታናሽ ወንድሟ የበረሃ ጽጌረዳውን አደራ የሰጠው የውሃ ጆግ ከእጇ ለማይጠፋ ለዚህች ክብርት ባለሥልጣን ነው። ሰውየው በረሃ ለበረሃ እየዞረ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለችው ከዘር ያሳደጋት ይህች ቁጥቋጦ ናት። ግንዷ ከሥሩ እንደ ድንች ያበጠ፣ ለዓመታት አንድ አበባ ያላሳየችው። «ዘንድሮ ሳታብብ አትቀርም» ብሎ እህቱ በረንዳ ላይ አስቀምጧት ሄደ።

እትዬ ባየቻት ቁጥር ጆጉን አንስታ ትመልሳለች። በመጨረሻ ደወለች፤ እኔም አጠገቧ ሾርባዬን እየጠጣሁ ነበር።

«ወንድምዬ፣ ይቺ ልጅህ ደርቃብኛለች። ውሃ ላጠጣት?»

በወዲያ በኩል ንፋስ ያፏጫል። «እታለም፣ ዝናብ እስኪመጣ አታጠጪያት!» ነበር ያለው። ንፋሱ «ታ»ን ነጠቃት።

«ሰማህ አይደል?» አለችኝ ጆጉን እያነሳች። «አጠጪያት ነው የሚለው።»

አጠጣቻት። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን «ጠምቷት ነው» ብላ ጨመረች። ቅጠሏ ሲረግፍ እጥፍ አደረገች። አንድ ቀን ግንዷን ስትዳብስ ጣቷ የበሰበሰ ሙዝ ውስጥ እንደገባ ስርጉድ አለ። እያለቀሰች ደወለች።

«አታጠጪያት ነበር እኮ ያልኩሽ፣ እታለም!»

«ታዲያ ምናለ ‹ታ›ዋን ጮክ ብለህ ብትላት!»

ወንድሟ ቀስ ብሎ ነገራት፤ ከአፈሩ ንቀያት፣ የበሰበሰውን ቆርጠሽ ጣይ፣ ፈሳሿ መርዝ ስለሆነ እጅሽን ታጠቢ፣ ቁስሏ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ አሸዋና ጠጠር ውስጥ ትከያትና ፀሐይ በደንብ የሚያገኛት ቦታ አስቀምጫት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተያት። እዚህ እናቶቿን ማን አጠጣቸው?»

ተያት! ለእትዬ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም። ጆጉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን እኔ ጋ አስቀመጠች። አንድ ቀን ሾልካ መጥታ «አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ምን ይ…» ብላ ቃሉን ዋጠችው። የበረንዳው ንጣፍ እግር ሲያቃጥል፣ ጉቶዋ ፀሐይ ላይ ራቁቷን ስትጠበስ፣ እትዬ መጋረጃውን ዘግታ ወለሉ ላይ ትቀመጥ ነበር።

አንድ ጠዋት «ና እስቲ» አለችኝ፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ወረድኩ። አንዲት ቅጠል ከሌላት ከዚያች ጉቶ ላይ፣ ጠርዛቸው ቀይ፣ መሃላቸው እንደ ወተት የነጣ አበቦች ፈንድተዋል። ከጠጠርና ከሐሩር ይህ ሁሉ ከየት እንደተቀዳ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጥበቃው ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምንም ሳላደርግላት» አለች እትዬ በሹክሹክታ።

ለወንድሟ ደወለችና ስልኩን አበቦቹ አጠገብ ያዘችለት። ምን እንደሚሰማ እንጃ። እሱም አልዘጋውም፤ የሚሰማን ንፋሱ ብቻ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ትምህርቱን በሁላችንም ላይ አዋለችው። አስነጠስኩ፤ የመጣ የለም። ጮክ ብዬ አስነጠስኩ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ በኩራት «ሰውም ሲተዉት ነው የሚያብበው» ብላኝ አለፈች። ማታ ማታ ኮቴዋን ለመስማት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ባዶ ኩባያና የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይዤ አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የበረሃ አይደለሁም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ውይ፣ ከስተህ የለም እንዴ! ግን… ባበዛብህስ?»

«ምን ይጎዳል?» አልኳት።

ቁልፉን ነጥቃኝ ጆጉን አወጣች። መጀመሪያ ግን ሄዳ የበረንዳውን በር ዘጋች፤ ጆጉና ቁጥቋጦዋ እንዳይተያዩ። ከዚያ ሾርባውን በጆጉ ቀድታ ኩባያዬን እጄ ላይ እስኪፈስ ሞላችው።