አልናገር ያለ ልብ

እጸገነት: አርቅ! እግርህን አርቅ አልኩህ!

በድሉ: ካልሲ አድርጌያለሁ እኮ።

እጸገነት: ካልሲውን አልፎ ነው የሚመጣው! ቄራ ተሰቅሎ ያደረ ሽንጥ ነው እንዴ የምታስጠጋብኝ?

በድሉ: ጋቢው የጋራችን ነው።

እጸገነት: ጋቢው የጋራችን ነው፤ ብርዱ ግን የግልህ ነው። ይዘህልኝ ዞር በል!

(ነሐሴ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ካዛንቺስ ካሉት የቀበሌ ቤቶች ባንዱ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ባልና ሚስት አሮጌ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አንድ ጋቢ ይጓተታሉ። በድሉ ቄራ አካባቢ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ የኖረ፣ ነገር የሚገባው ዘግየት ብሎ የሆነ ሰው። እጸገነት ደግሞ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም አንድም ስለማያመልጣት፣ ሐኪም ለመሆን የሚቀራት ወረቀቱ ብቻ ይመስላታል። በድሉ ልቡን ታሞ ምቱን የሚያረጋጋ ኪኒን ከታዘዘለት ወዲህ እጁም እግሩም አልሞቅ ብሎታል። ከዚያ የባሰም የሆነበት ነገር አለ፤ እሱን ግን ለሚስቱም አልተነፈሰም።)

በድሉ: ኪኒኑ ነው። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እጅ እግር ያቀዘቅዛል ብሏል።

እጸገነት: ሁሉ ነገር ኪኒኑ! ትናንት ሽሮው አረረ፤ ኪኒኑ ነው አልክ።

በድሉ: እንቅልፉ ነው ከኪኒኑ። ሽሮው ያረረው ደግሞ ከእንቅልፉ ነው።

እጸገነት: ተኝተህ እየጮህክ የምትቀሰቅሰኝስ?

በድሉ: ሕልሙም ከኪኒኑ ነው። ጎማ ያባርረኛል።

እጸገነት: ጎማ!

በድሉ: የሲኖትራክ ጎማ።

እጸገነት: እሺ። መስቀል ፍላወር የሄድከውስ? እሱም ኪኒኑ ነው?

(በድሉ ጋቢውን ወደ ራሱ ሳበ። ዝናቡም በዚያው ቀነስ አለ፤ ሰማዩ ራሱ መልሱን ሊሰማ ጆሮውን የጣለ መሰለው።)

በድሉ: እሱም... ማለቴ... እሱም ኪኒኑ ነው።

እጸገነት: ትቀልድብኛለህ?

በድሉ: ማነው የነገረሽ?

እጸገነት: ማን እንደነገረኝ ምን አገባህ!

ለምለም: (ከግድግዳው ወዲያ) እኔ አይደለሁም!

(ለምለም ጎረቤት ናት። ሁለቱን ቤት የሚለየው ጭቃ ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ፣ በወዲህ በኩል ሲያስነጥሱ በወዲያ በኩል "ይማርህ" ይባላል።)

በድሉ: ደህና ዋልሽ ለምለም?

ለምለም: እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ በድሉ። እርስዎስ?

እጸገነት: ሰላምታውን ተዉት! ከአንዲት ቆንጆ ልጅ ጋር፣ ጆሮዋ ሥር ተለጥፈህ ስታንሾካሹክ ታይተሃል።

ለምለም: ጆሮዋ ሥር አላልኩም። ጠጋ ብለው ነው ያልኩት።

እጸገነት: አንቺ አይደለሽም አላልሽም?

ለምለም: አይደለሁም። ግን ከታክሲ ውስጥ ላያቸው ሰው፣ ጠጋ ብለው ነው።

እጸገነት: ምን ለብሳ ነበር?

ለምለም: ነጭ።

እጸገነት: ነጭ! ሙሽራ አድርጓታል ጉዴ!

በድሉ: ኧረ እጸገነት...

እጸገነት: ዝም! ደረትህን አምጣ።

(ይህ የእጸገነት ዘዴ ነው። ከተጋቡ ጀምሮ፣ በጠረጠረችው ቁጥር መዳፏን ግራ ደረቱ ላይ ታሳርፍና ትጠይቀዋለች። ልቡ ከደለቀ ዋሽቷል፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል፤ ይግባኝ የለም። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ዘዴውን ከእሷ ተምረዋል። በድሉ ሹራቡን ከፍ አድርጎ፣ እንደለመደው፣ ደረቱን አቀረበ።)

እጸገነት: ስምህ ማነው?

በድሉ: ስሜንም ተጠራጠርሽ?

እጸገነት: መጀመሪያ በእውነቱ ይለካል! ሁሉም ነገር እንደዚያ ነው። ስምህ ማነው?

በድሉ: በድሉ።

እጸገነት: (አንገቷን ዘንበል አድርጋ) ቱክ... ቱክ... እሺ። አሁን ደግሞ ዋሸኝ።

በድሉ: ምን ብዬ?

እጸገነት: እሱንም እኔ ልንገርህ? ስምህ ማነው?

በድሉ: (አስቦ አስቦ) ኃይለገብርኤል።

እጸገነት: ቱክ... ቱክ... (ትደነግጣለች) ኃይለገብርኤልም ነህ!

ለምለም: ስማቸው ኃይለገብርኤል ነው እንዴ?

እጸገነት: ከዚያች ልጅ ጋር ነበርክ?

በድሉ: ነበርኩ።

እጸገነት: ቱክ ቱክ። አልነበርክም?

በድሉ: እንደሱ ካልሽ... አልነበርኩም።

እጸገነት: ቱክ ቱክ! ሁለቱም እውነት ሆነ! ኧረ ለምለም፣ ባሌ ተቆለፈብኝ! ይሄ ልብ ድሮ እንዲህ ስጠይቀው እንደ አታሞ ነበር እኮ። አሁን ጉቦ የበላ ዘበኛ ሆኖ ቁጭ ብሏል! በድሉ! አንተ በድሉ!

(በድሉ እንቅልፍ ወስዶታል። መዳፏ ሲሞቀው ጊዜ ነው።)

እጸገነት: በምርመራ መሀል ይተኛል!

በድሉ: (ብንን ብሎ) ጎማው! ጎማውን ያዙት!

እጸገነት: በቃ ገባኝ። ኪኒኑ ነው ልብህን አፍኖ የያዘው። ዛሬ አትውጥም። ነገ ልብህ ሲፈታ አንድ በአንድ ይዘረግፍልኛል።

(ተነስታ ከቴሌቪዥኑ ላይ የኪኒኑን ማሸጊያ አነሳች። በድሉ እስኪቆም ድረስ ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሽቃዋለች።)

በድሉ: እጸገነት፣ እሱ ነገር ቀልድ አይደለም። በድንገት ማቆም የለም ብሎኛል ሐኪሙ።

እጸገነት: ለአንድ ማታ ምን ትሆናለህ? በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ኪኒን ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።

በድሉ: ይሄ ፍሬን ማለት ነው። አይሱዙ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑን ብትነቅዪበት ምን ይሆናል?

እጸገነት: አንተ አይሱዙ ነህ?

በድሉ: ልቤ ነዋ! ታፍኖ የከረመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለቀቃል አለኝ። ሊጥልህ ይችላል፣ ሊገድልህም ይችላል ነው ያለኝ። የመዋጫ ሰዓቴ ደግሞ እየደረሰ ነው።

እጸገነት: እንዲህ ከፈራህ ና አውጣዋ! የት እንዳለ አይተሃል!

(በድሉ ያለችበትን አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ ካልሲውን።)

እጸገነት: አየህ? ድሮ ቢሆን ቃሌን ሳልጨርስ እጅህን ትሰድ ነበር! አሁን ግን ጀርባህን ሰጥተህ ግድግዳ ታቅፈህ ታድራለህ። እኔ ሞኝ ነኝ? እዚህ የጠፋ ሰው ሌላ ቦታ ተገኝቷል ማለት ነው። ሰውነቱ የት ነው? መስቀል ፍላወር!

በድሉ: ቀስ በይ፤ ግድግዳው...

እጸገነት: ግድግዳው ያውቃል!

ለምለም: ኧረ እኔ ምንም አላውቅም! ጠርጥሬ ነው እንጂ።

(በድሉ ተመልሶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ለሐኪሙ እንኳ ሊል ብሎ ሊል ብሎ፣ "ደህና ነኝ" ብሎት ነው የወጣው። ኪኒኑ ግን እዚያ ነው፤ ሚስቱ ጡት መያዣ ውስጥ። ቀኑ ደግሞ እየመሸ ነው።)

በድሉ: እሺ። እነግርሻለሁ። ለምለም፣ ጆሮሽን ድፈኚ።

ለምለም: ደፍኛለሁ።

በድሉ: ትሰሚኛለሽ?

ለምለም: ኧረ ምንም!

በድሉ: ልጅቷ ሀኒ ትባላለች።

እጸገነት: ስሟም በአፉ ነው!

በድሉ: ደረቷ ላይ ተጽፏል።

እጸገነት: ደረቷን ሲያነብ ነው የዋለው! ይሄ ፊደል አልገባኝም የሚለኝ ሰውዬ!

በድሉ: መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ነጩ ጋዋን ነው።

(ጣሪያው የሚያፈሰው ባልዲ ውስጥ ጠብ ይላል።)

እጸገነት: መድኃኒት ቤት እዚህ ካዛንቺስ ሞልቶ የለ? ምን ያንን ያህል አስኬደህ?

በድሉ: እዚህማ ብጠይቅ፣ እኔ ቤት ሳልደርስ ለምለም ትሰማዋለች።

ለምለም: ውይ! እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?

በድሉ: ጆሮሽን አልደፈንሽም?

ለምለም: አንዱን ነው።

እጸገነት: ተያት። ምንድነው የጠየቅካት?

በድሉ: (ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ) ያ... ማለቴ... ማታ ማታ። አንቺ ጋ። ያቃተኝን ነገር።

እጸገነት: ያቃተህን?

በድሉ: ኪኒኑ ያደርገዋል ወይ ብዬ ነው የጠየቅኳት። ወረፋ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ ነው ጠጋ ያልኩት። ሦስቴ "ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ አባባ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ባሰብኝ፤ በመጨረሻ የራስ ምታት ኪኒን ስጪኝ ብያት ልወጣ ነበር።

እጸገነት: (ድምፅዋ ወርዶ) ከዚያስ?

በድሉ: ገባት መሰለኝ። ቀስ ብላ፣ አንዳንድ ሰው ላይ እንደሱ ያደርጋል አለች። አያፍሩ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይርልዎ ይችላል። ብቻ በራስዎ እንዳያቆሙ አለች። ባለቤትዎም ይወቁት አለችኝ። ይኸው ልነግርሽ ሳስብ፣ ሳስብ... እንቅልፍ እየጣለኝ።

እጸገነት: እኔ እኮ ሌላ ቤት ያለህ መስሎኝ።

በድሉ: ሌላ ቤት? እዚህ ሶፋ ድረስ ለመምጣት እንኳ መሀል መንገድ ላይ አርፌያለሁ።

(እጸገነት እጇን ወደ ደረቷ ሰዳ ማሸጊያውን አወጣች። ሞቅ ብሏል። ከጆጉ ውኃ ቀድታ ከኪኒኑ ጋር ሰጠችውና እስኪውጥ ቆማ ጠበቀች። በድሉ ሲውጥ ከኪኒኑ ጋር ሌላም ነገር የወረደለት መሰለው። እሷ ግን ተሸንፋ መቀመጥ አልሆነላትም።)

እጸገነት: ቢሆንም ጥፋቱ የኔ አይደለም። ልብህ ቢናገር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ እጄ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም!

በድሉ: ሁሌም ነው የተሳሳትሽው።

እጸገነት: ምን አልክ?

በድሉ: ተይው፤ አመለጠኝ።

እጸገነት: አይ፣ ድገመው! የወንድሜ ሰርግ ላይ ሰክረህ ነው ድስቱን የደፋኸው ስልህ አላመንክም?

በድሉ: አምኛለሁ። ግን ጠላ አልቀመስኩም። አዳልጦኝ ነው።

እጸገነት: የእናቴን ጃንጥላ ታክሲ ውስጥ ጥለህ የመጣኸውስ?

በድሉ: አልጣልኩም። በኋላ እናትሽ አልጋቸው ሥር አገኙት። አደራ አትንገራት አሉኝ።

እጸገነት: ኧረ ልብህ በእጄ ነበር! እንደ ወፍጮ ነበር የሚደልቀው!

በድሉ: ይደልቃል።

እጸገነት: ካልዋሸህ ለምን ይደልቃል?

(በድሉ አሁን የምር አፈረ። የማታውን ነገር ሲናገር እንኳ እንዲህ አላፈረም።)

በድሉ: እጅሽ አርፎበት ነዋ።

እጸገነት: እ?

በድሉ: እጅሽ ሲያርፍበት ይደልቃል። ዋሸሁም አልዋሸሁም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ እንዴት ብሎ ሰው ይናገራል?

እጸገነት: ታዲያ... ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ለምን ድርቅ ብለህ ትክድ ነበር? ቶሎ አምነህ አትገላገልም ነበር?

በድሉ: ካመንኩማ ታነሺዋለሽ።

(እጸገነት መዳፏን ገልብጣ አየችው።)

ለምለም: እትዬ እጸገነት?

እጸገነት: ምንድነው?

ለምለም: ባይሳስ?

እጸገነት: ባልሽ ምን ሆነ?

ለምለም: ትናንት በእርስዎ ዘዴ አይደል እንዴ ያባረርኩት! እጄን ሳሳርፍበት ልቡ ሊፈነዳ ደረሰ። ይኸው ልብሱን አሸክሜ ጎተራ፣ ወንድሙ ኮንዶሚኒየም ሰደድኩት!

እጸገነት: (እጇን ጋቢው ውስጥ ትደብቃለች።)

በድሉ: ሂጂ መልሺዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?

ለምለም: ወይኔ ባይሳዬ! ወይኔ!

(በር ይበረገዳል። ጭቃው ላይ የሚንሸራተት የነጠላ ጫማ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ዝናቡ እንደገና በረታ። ግድግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ሆነ።)

እጸገነት: ነገ ሐኪሙ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። አንተ "ደህና ነኝ" ብለህ እንደምትወጣ አውቃለሁ። እኔ እናገርልሃለሁ።

በድሉ: ጮክ ብለሽ ግን አይደለም።

እጸገነት: ጮክ ብዬ አይደለም።

(ጠጋ አለች። ሳትጠይቀው፣ ሳትቆጣው፣ መዳፏን ግራ ደረቱ ላይ አኖረች።)

በድሉ: አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?

እጸገነት: ምንም። በል ካድ።

በድሉ: ምኑን?

እጸገነት: ያሰኘህን። አላነሳውም።