በቀን የሚለካው ዝናብ

የዝናብ ሊቅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አለኝ፤ እዚሁ ቀጨኔ በዓይኔ ሥር ያደገው ኢንጂነር ጌታሁን። ኮምፒውተሩን ሳያማክር ጃንጥላ አይዘረጋም።

የሰፈራችንን ቦይ ያሠራ ጊዜ ስፋቱ ክንዴን አያህልም ነበር። የእኔ አጥር ደግሞ ከቦዩ ሥር ነው።

"ጌታሁን፣ ይሄ ጎርፉን ይችለዋል?" አልኩት።

"ተሰልቷል፣ እትዬ አስካለ። በአንድ ቀን ይሄ ቦይ ከሚችለው በላይ ዝናብ የሚጥለው በመቶ ዓመት አንዴ ነው።"

"በቀን ነው የምትለኩት?"

"በቀን ነው።"

እኔ አሸንዳ ሥር ባልዲ የምደቅን ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለ ዝናብ ያልሞላውን ባልዲ፣ የነሐሴ ዶፍ የተሰጣ ልብስ ሰብስቤ ሳልገባ ይሞላዋል። አጥር የሚያፈርሰውም ይሄኛው ነው። ይህንኑ ብነግረው ሰው ሁሉ እየሰማ "የባልዲ ሳይንስ" ብሎ ሳቀብኝ።

መቶ ዓመቱ በሁለተኛው ክረምት ሞላ። አጥሬ ከነጽጌረዳው ወንዝ ገባ። ጌታሁን "እንግዳ ዝናብ ነው" አለ። በተከታዩ ክረምት እንግዳው ተመልሶ መጣ።

ዘንድሮ ጌታሁን ቁስቋም ሰፈር የራሱን ቤት ሠራ። እንኳን ደስ አለህ ልል ሄድኩ፤ አልዋሽም፣ የሄድኩት የግቢውን ቦይ ለማየት ነው። በሬ ያስተኛል።

"ምነው ሰፋ?" አልኩት።

"እዚህ ያሰላነው በሩብ ሰዓት የሚወርደውን ነው፣ እትዬ።"

ለእኛ በቀን፣ ለራሱ በሩብ ሰዓት። ታዲያ የተረፈውን ሲሚንቶ ለአጥሬ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። እስካሁን እያሰላ ነው።